ርካሽ የጂፒኤስ መዝጋቢ ለብስክሌት፦ ሐረጎን ለሚወጣና ለሚወርድ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ «ጂፒኤስ አለ?» ብትሉ፣ ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣላችሁ ለመኪናና ለባጃጅ የሚገጠመውን፣ ሲም ካርድ የሚገባበትን ጥቁር ሳጥን ነው። እሱን አትግዙ። መከታተያ እንጂ መዝጋቢ አይደለም። ሥራው መኪናው የት እንዳለ በየ10 ወይም በየ30 ሰከንዱ በኔትወርክ ለባለቤቱ መንገር ነው፤ ሲም ይፈልጋል፣ ዳታ ይበላል፣ ባትሪውን ከመኪናው ጋር ይካፈላል። መዝጋቢ ግን ከማንም ጋር አያወራም። ከሳተላይት የሰማውን በሆዱ ይዞ ይዞርና ቤት ስትገቡ በፋይል ያስረክባችኋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥም ሆነ ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው «ለብስክሌት የሚሆን፣ የሄድኩበትን በፋይል የሚያስቀምጥ» ብላችሁ ንገሩ።

ከ30 እስከ 60 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ግን ርካሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ሜዳ ላይ ልዩነታቸው አይታይም፤ ሐረጎ በሚባለው ተራራማ መንገድ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ሲወረድ፣ በአንድ በኩል ገደል በሌላው ቋጥኝ ሲሆን፣ ያኔ ይለያሉ።

መጀመሪያ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን ፈትኑት። ኦስምአንድ፣ ኦፕንትራክስ ወይም ጂፒኤስሎገር ከሚባሉት ነፃ አፖች አንዱን ጫኑ። ሦስቱም ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባሉ፤ ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግም፣ ሲም እንኳ ባይኖር ይሠራል። ከዚያ ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ አፑ ስክሪን ሲጠፋም ቦታችሁን እንዲያይ ፍቀዱለት፤ ከባትሪ ቆጣቢው ዝርዝር አውጡት፤ የምዝገባውን ልዩነት 1 ሰከንድ አድርጉ።

ከሦስቱ ሰውን የሚያስለቅሰው ሁለተኛው ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲገባ ባትሪ ቆጣቢው አፑን ያስተኛዋል፣ ስልኩን ስታወጡት ያነቃዋል። ካርታው ላይ ምልክቱ አይጠፋም፦ መንገዱ ሰባት ቦታ በሚጠማዘዝበት ተራራ ላይ ዱካችሁ ገደሉን ተሻግሮ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወርዳል። እንዲህ ካያችሁ ሳተላይቱ አልጠፋም፣ አፑ ተኝቶ ነበር።

ስልኩን 100 ከመቶ ሞልታችሁ፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሁለት ሰዓት ንዱ። 20 ከመቶ ከበላ ብዙ ችግር የለም። 40 ከመቶ ከበላ ግን ረጅም ጉዞ ላይ ጎማ ፈንድቶ ሰው ለመጥራት ስትፈልጉ ስልኩ ቀድሞ ይሞታል። ፈተናውን ካለፈ፣ ዝናብ ላይም ካልነዳችሁ፣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ብሩን መለዋወጫ ከመነዳሪና ደህና ፓምፕ ግዙበት። የማያልፍ ከሆነ፣ ወይም እየነዳችሁ ፍጥነትና ከፍታ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ገበያ ላይ ምን አለ

በዚህ ዋጋ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

አንደኛው መሪ ላይ የሚታሰረው፣ ስክሪን ያለው ትንሹ የብስክሌት ኮምፒውተር ነው። ኤክስኦኤስኤስ፣ አይጂፒስፖርት፣ ሳይክፕለስ፣ ማጂን የሚባሉት የቻይና ስሞች በዚህ ዋጋ ይገኛሉ። ለአብዛኛው ሰው ምርጫው ይህ ነው፤ ዝናብ ይችላል፣ ባትሪው ሙሉ ቀን ይቆያል፣ ከሩቅ ሲታይ ተራ የፍጥነት መቁጠሪያ ይመስላል። የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ስክሪን የሌለው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ጥቁር ሳጥን በኬላ ላይ ብዙ ጥያቄ ያስጠይቃል፤ «22 ኪሎ ሜትር በሰዓት» የሚል ስክሪን ግን ራሱን ያስረዳል።

ሁለተኛው የመሬት ለኪዎች የሚይዙት የእጅ ጂፒኤስ ነው። ጋርሚን ኢትሬክስ 10 በአገራችን በግብርና፣ በውኃና በመሬት ሥራ ላይ ብዙ ተለምዷል፤ አሮጌው በደህና ዋጋ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ። በሁለት ትናንሽ የድንጋይ ባትሪዎች ይሠራል፣ ውኃ አይገባውም፣ ጂፒኤክስ የሚባለውን የዱካ ፋይል በኬብል ይሰጣል። ጠንካራ ነው። ነገር ግን ይከብዳል፣ የሚቀበለው ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን አሮጌ ኬብል ነው፣ ባሮሜትርም (የአየር ግፊት መለኪያ) የለውም። በቤተሰቡ ውስጥ ባሮሜትር ያለው ኢትሬክስ 30 ነው፤ በተቀራራቢ ዋጋ ሁለቱን ካገኛችሁ 30ውን ውሰዱ። ርካሹን ካርቦን ባትሪ አትክተቱበት፤ ቶሎ ይሞታል፣ ሲያረጅም ይፈሳል። አልካላይን ወይም ቻርጅ የሚደረግ ይሁን።

ሦስተኛው ስክሪን የሌለው የቀድሞ መዝጋቢ ነው። በርካሽ ቢቀርብላችሁም ተጠንቀቁ። ጂፒኤስ ቀኑን የሚቆጥረው በሳምንት ነው፤ ቁጥሩ 1,024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 አንድ ዙር ሞልቷል። በዚያን ጊዜ አካባቢም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ቀናቸው 19 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ወደ ኋላ ተመልሷል። ዱካው ትክክል ነው፣ ቀኑ ግን የሌላ ዘመን ይሆናል። ጂፒኤስቤብል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም 7,168 ቀን በመጨመር ይስተካከላል፤ በየጉዞው ይህን ማድረግ ግን ያሰለቻል። እነዚህ መዝጋቢዎች ከዚህም ሌላ የራሳቸው የሆነ ልዩ ኬብል ወይም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የማይከፈት ፕሮግራም ሊፈልጉ ይችላሉ። ኬብሉ ከጠፋ መሣሪያው ጠጠር ነው።

ከፍታ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ወሎ ውስጥ ርካሹን ከርካሽ የሚለየው ይህ ነው።

ጂፒኤስ ወደ ጎን ጎበዝ፣ ወደ ላይ ደካማ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራሳችሁ በላይ እንጂ ከእግራችሁ በታች የሉም፤ ስለዚህ የከፍታ ስህተቱ የጎኑን አንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ወደ ጎን 4 ሜትር የሚሳሳት መሣሪያ ወደ ላይ 10 ሜትር ቢሳሳት አያስገርምም። አንድ ጊዜ 10 ሜትር መሳሳት ደግሞ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ድምሩ ነው። ቁጥሩ ሐይቅ ዳር ሜዳው ላይ ሦስት ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች እያለ ሲዋዥቅ፣ ፕሮግራሙ «ወደ ላይ» የሚለውን ሁሉ እየሰበሰበ ያልወጣችሁትን ዳገት ይቆጥርላችኋል።

ባሮሜትር ያለው መሣሪያ ከፍታን የሚለካው በአየር ግፊት ነው። ደሴ ባለችበት ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ፣ አንድ ሄክቶፓስካል ግፊት ሲቀንስ 11 ሜትር ያህል ወጥታችኋል ማለት ነው። ትንሹ ባሮሜትር የአንድ ሜትርን ልዩነት ይለያል፣ እንደ ጂፒኤሱም አይዋዥቅም። ስለዚህ ለዳገት ሰው ባሮሜትር ቀለም ካለው ስክሪን፣ ከካርታም፣ ከሌላ ጌጥም ይቀድማል።

ሻጩ «አለው» ቢላችሁ እዚያው ፈትኑት። መሣሪያውን የከፍታ ቁጥሩ ላይ አድርጉ፣ ከነአየሩ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ አጥብቃችሁ ያዙና ፌስታሉን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ባሮሜትር ካለው ውስጡ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ከፍታው ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይወርዳል፤ ስትለቁት ይመለሳል። ከሌለው ቁጥሩ ለመጭመቃችሁ ደንታ የለውም። ሌላው መንገድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ፎቅ በደረጃ መውጣት ነው፦ 9 ሜትር ገደማ ከጨመረ ባሮሜትሩ አለ።

ባሮሜትርም የራሱ አመል አለው። በእኛ አካባቢ፣ ወደ ምድር ወገብ በቀረበ አገር፣ የአየር ግፊት አየሩ ሳይለወጥም በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ነው፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅተኛው፤ ልዩነቱ 3 ሄክቶፓስካል ይደርሳል። ይህ ከ30 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርዳችሁ፣ ዓሣችሁን በልታችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ስትመለሱ የቤታችሁ ደጃፍ ከጠዋቱ 30 ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። መሣሪያው አልተበላሸም። መፍትሔው የምትነሱበትን ቦታ ከፍታ አንዴ መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያ በየጉዞው መነሻ ላይ ያንኑ ቁጥር መስጠት ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች «ከፍታ አስተካክል» የሚል ቦታ አላቸው። ቁጥሩን ለማግኘት ጣራ ወይም ሜዳ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጡትና የጂፒኤሱን አማካይ ውሰዱ።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ስትጭኑ «ከፍታውን ላስተካክልልህ?» የሚል አገልግሎት ያጋጥማችኋል። ባሮሜትር ካላችሁ እሺ አትበሉ። እነዚህ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ከጠፈር የተለካ የመሬት ካርታ ነው፤ የካርታው እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ካሬ ነው። ሐረጎ ላይ መንገዱ ተራራው ጎን ላይ የተቆረጠ ጠባብ እርከን ስለሆነ በአንድ ካሬ ውስጥ መንገዱም ገደሉም ቋጥኙም ተቀላቅለው ይገባሉ። ቁልቁለት ብቻ በነዳችሁበት መንገድ ላይ መቶ ምናምን ሜትር ዳገት ተጨምሮ ብታዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በየስንት ሰከንዱ

1 ሰከንድ። ሌላ አማራጭ አትመልከቱ፣ «ብልህ ምዝገባ» የሚባለውን፣ መቼ እንደሚመዘግብ መሣሪያው ራሱ የሚመርጥበትንም ጭምር።

ሂሳቡ ይህ ነው። መዞሪያ ራዲየሱ 10 ሜትር የሆነ ጥምዝ ላይ ግማሽ ክቡ 31 ሜትር ነው። በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትዞሩት 5 ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። በየ5 ሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ በዚያ ጥምዝ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቢበዛ ሁለት ይጥላል፤ በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ሲሰመር 31 ሜትሩ ወደ 20 ይጠጋል። አንድ ጥምዝ ላይ ምንም አይደለም። ጥምዝ በጥምዝ በሆነ መንገድ ላይ ግን ኪሎ ሜትሩ ይሸረሸራል፣ ከጓደኛችሁ ጋር ስትተያዩ «የኔ ለምን አነሰ?» ትላላችሁ። ዳገት በ8 ከመቶ ተዳፋት ስትወጡ ጂፒኤስ ጠፍጣፋውን ርቀት ስለሚለካ ይሳሳታል የሚሉም አሉ፤ እሱ ስህተት 0.3 ከመቶ ብቻ ነው፣ እርሱት።

የማኅደር ቦታ አያስጨንቃችሁ። በ1 ሰከንድ አንድ ሰዓት 3,600 ነጥብ ነው፤ የ4 ሰዓት ጉዞ በጂፒኤክስ ሁለት ሜጋባይት ቢሞላ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ በነጥብ ቁጥር የተገደቡ አሮጌዎቹ ላይ ነው፦ 10,000 ነጥብ የሚይዝ ዱካ በ1 ሰከንድ ምዝገባ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ይሞላል። ሲሞላ የመጀመሪያውን ይሰርዛል ወይስ በአዲስ ፋይል ይቀጥላል? ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

አውቶ ፖዝ የሚባለውን፣ ስትቆሙ ራሱን የሚያቆመውን፣ አጥፉት። ዳገት ላይ በ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየተንፏቀቃችሁ ሳለ ቆማችኋል ብሎ ይወስናል፣ ያፈሰሳችሁትን ላብ ከመዝገብ ያወጣዋል። ቡና ልትጠጡ ስትቀመጡ ግን በእጃችሁ አቁሙት፤ አለዚያ ነጥቡ ዙሪያችሁን እየቃበዘ ርቀት ይጨምራል።

ፋይሉን በኬብል የማይሰጥ አይገዛ

ከባሮሜትር ቀጥሎ የምንጨቀጭቅበት ይህ ነው። አንዳንዱ ርካሽ መሣሪያ ጉዞውን የሚያወጣው በራሱ አፕ፣ በብሉቱዝ፣ ከዚያም ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የኩባንያው መዝገብ ብቻ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን፣ ወይም አፑ አዲስ ስልክ ላይ መሥራት ባቆመ ቀን ጉዞዎቻችሁ ሁሉ እዚያው ታስረው ይቀራሉ። ጥሩው መሣሪያ ኮምፒውተር ላይ በኬብል ሲሰካ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ፋይሎቹም ተዘርዝረው ይታያሉ። ኬብሉ ተራ፣ ስልክ ጥገና ቤት የሚገኝ ዓይነት ይሁን።

ፋይሉ ከሁለት አንዱ ነው። ጂፒኤክስ በማንኛውም ጽሑፍ መክፈቻ ይነበባል፤ ሌላው በላቲን ሦስት ፊደል የሚጻፈው፣ በአማርኛ «ፊት» ተብሎ የሚነበበው፣ ትንሽና ለሰው ዓይን የማይነበብ ነው፣ ግን የልብ ምትና የፔዳል ዙር ጭምር ይይዛል። ጂፒኤስቤብል አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል። ያለ ኢንተርኔት ለማየት ኮምፒውተር ላይ ጂፒኤክስሲ፣ ስልክ ላይ ኦስምአንድ ይበቃል፤ የኢትዮጵያን ካርታ ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን አንዴ አውርዱ።

አንድ ጂፒኤክስ ፋይል ከፍታችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው የቁጥሩ ርዝመት ነው። ደሴ ላይ ኬክሮሱ 11.13፣ ኬንትሮሱ 39.63 ብሎ ይጀምራል፤ ከነጥቡ በኋላ ስንት አኃዝ አለ? አምስት ከሆነ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ይለያል። አራት ብቻ ከሆነ 11 ሜትር ነው፣ ዱካችሁ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይሄዳል፤ ያን መሣሪያ መልሱ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ፋይሉ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከእኛ የእጅ ሰዓት ጋር አይገጥምም፣ ሰዎችም ተበላሽቷል ብለው ይደናገጣሉ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከፋይሉ ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ። 06:15 ካለ ጠዋት 3:15 ነው። 03:40 ካለ 0:40፣ ማለትም ንጋት 12:40።

የመጀመሪያው ቀን

መሣሪያው ከሩቅ አገር ስለመጣ ሰማያችንን አያውቀውም። የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ሰማይ የተከፈተበት ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ሳታንቀሳቅሱ አስቀምጡት። ይህን ሳያደርጉ አብርተው ወዲያው የሚነዱ ናቸው «መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ሜትር አይመዘግብም» የሚሉት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሲበራ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሊይዝ ይገባል። ቆማችሁ ጠብቁት፤ እየነዳችሁ ማስያዝ ያዘገየዋል።

ያንኑ መንገድ ስትወጡም ስትወርዱም መዝግቡና ሁለቱን ዱካ አደራርባችሁ እዩ። ክፍት ቦታ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ከተራራቁ ደካማ ነው። ቋጥኝ ሥር ቢራራቁ ግን አትፍረዱበት፤ ግማሹ ሰማይ ተሸፍኗል፣ የቀረውም ምልክት ከድንጋዩ እየተንፀባረቀ ይመጣል። ጂፒኤስን ብቻ ሳይሆን የሩሲያውን ግሎናስ፣ የቻይናውን ቤይዱ ወይም የአውሮፓውን ጋሊልዮ አብሮ የሚሰማ መሣሪያ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ርቀቱን ለማረጋገጥ ጎማችሁን ተጠቀሙ። የፊት ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ዙር ቀጥ ብላችሁ ተንከባለሉ፣ በሜትር ለኩ። ባለ 26 ጎማ በ1.95 ስፋት 2.05 ሜትር ገደማ ነው። የጎማ ዳሳሽ የሚቀበል መሣሪያ ከገዛችሁ ይህን ቁጥር ስጡት፤ ቋጥኝ ሥርም ቢሆን ኪሎ ሜትሩ አይዛነፍም።

ማታ ለሚነዱ አንድ ማስታወሻ። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት የላይኛው አየር የሳተላይት ምልክትን የሚያናውጥባቸው ምሽቶች አሉ፤ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይብሳል። ቀን ደህና የነበረ ዱካ ማታ ከዘለለ መሣሪያውን ለመመለስ አትሩጡ፣ በማግሥቱ ጠዋት ደግማችሁ ሞክሩ።

አስተሳሰር፣ ዝናብ፣ ሙቀት

መሣሪያውን መሪው መሃል ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ እሰሩት። አብሮት የሚመጣው ጎማ ቀለበት በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ አንድ ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጣችሁ ብትተኩት ይሻላል፣ አይንሸራተትም። የደሴ ኮብልስቶን የፕላስቲክ መያዣውን ጥርስ ይሰብራል። ስለዚህ በቀጭን ገመድ ከመሪው ጋር አያይዙት፤ ሐረጎ ላይ ከወደቀ ፍለጋ አትወርዱም።

ውኃ መቋቋሙ አይፒኤክስ 7 ከተባለ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ችሏል ማለት ነው፤ ለሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ይበቃል። ባሮሜትሩ የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ ጀርባው ላይ ወይም ጎኑ ላይ አለች። ዝናብ ጠብ ሲልባት ከፍታው አንድ ቁጥር ላይ ይደርቃል ወይም ይዘላል፤ እፍ ብላችሁ አድርቋት፣ በመርፌ ግን አትንኳት፣ ፕላስተርም አትለጥፉባት።

ወደ ባቲ ስትወርዱ ጠላታችሁ ሙቀቱ ነው። ሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር መሣሪያ ደግሞ ከዚያ ይሞቃል። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ፓወር ባንኩ ላይ ይሰካ። ከዝናብ በኋላም እንዲሁ፦ የቻርጅ ቀዳዳውን ጎማ ክዳን ክፈቱ፣ ውስጡን ወደ ታች አዙራችሁ አራግፉ፣ ሌሊቱን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። እርጥብ ቀዳዳ ላይ ኬብል ከሰካችሁ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፣ መሣሪያውም ከዚያ ወዲያ ቻርጅ አይቀበልም።